አንዲት ሰዓት ጋደም ልበል

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ያለ ነው፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ ተመለሱበት። በተለይ በ2008 ዓ.ም. አስረኛ ክፍል የነበራችሁ ልጆቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለእናንተ የምናገረው ነገር አለኝ፤ ዞር ዞር ብዬም ቢሆን እደርስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በፎቶ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፤ የክፍሉ ልጆችም ታውቁታላችሁ፤ ፊዚክስ ላይ የወረቀት አውሮፕላን ሲወረውር ይዤው ከክፍል ያስወጣሁት ልጅ ነው። ፎቶው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን አጠገብ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በትከሻው ዞር ብሎ ይስቃል። የለበሰው ቲሸርት ከኋላ በመቀስ ተቀዶ ጀርባው ባዶ ነው።

«ምን ሆነህ ነው? ተደባደብክ እንዴ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ሶሎ በረርኩኮ!» አለኝ።

ለካ ልማድ ነው። እዚያ አገር አንድ ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተማሪ ብቻውን በርሮ ሲያርፍ ልብሱን ከኋላ ይቆርጡለታል። በድሮዎቹ የማሰልጠኛ አውሮፕላኖች ተማሪው ከፊት፣ አስተማሪው ከኋላ ነበር የሚቀመጡት፤ ራዲዮም ስለሌለ አስተማሪው ሊናገር ሲፈልግ የልጁን ሸሚዝ ጎተት ያደርጋል። አሁን ብቻውን በርሯልና የሚጎተት ሸሚዝ አያስፈልገውም ማለት ነው። ደስ ይላል አይደል? እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እንባዬ ሁሉ መጣ። ያ ከክፍል ያስወጣሁት ልጅ!

ከዚያ ወሬ ቀጠልን። ገንዘቡን ከየት ነው የምታመጣው ብለው፣ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ አለኝ። ከምሽቱ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ 9 ይነዳል። ሦስት አራት ሰዓት ይተኛል። ጠዋት የበረራ ትምህርት አለው። «አይደክምህም?» ስለው፣ «ቡና አለ አይደል ቲቸር፣ ለምጄዋለሁ» ብሎ የሚስቅ ፊት ላከልኝ።

«ለምጄዋለሁ» የምትለዋ ቃል ያን ሌሊት አላስተኛችኝም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን፣ ይሄ ሰውዬ ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል እንዳትሉኝ። ምንም አላውቅም። ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ዲግሪዬን በክረምት እየተማርኩ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የገባሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የጨረስኩት። ብቻ ላለፉት አስር ዓመታት አንድ ያልተለመደ ሱስ አለብኝ፦ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ታሪኮችን ማየትና ማንበብ። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። ለምን እንደጀመረኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ለልጁ የነገርኩትን ታሪክ ለእናንተም ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. 1996 ሚያዝያ ወር ነው፤ ካሊፎርኒያ። ጄሲካ ዱብሮፍ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ነበረች። ስምንት ሊሞላት አንድ ወር እንኳ አልቀራትም። አባቷ ሎይድ፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አውሮፕላን እየነዳች የምታቋርጥ ትንሿ ልጅ ትሁን ብሎ አቀደ። ሃሳቡ ከሃፍ ሙን ቤይ ተነስተው በአትላንቲክ በኩል ማሳቹሴትስ ደርሰው መመለስ ነው፤ ደርሶ መልስ በ8 ቀን። አውሮፕላኗ ሴስና ካርዲናል የምትባል ባለ አራት ወንበር፣ ባለ አንድ ሞተር ናት። የልጅቷ እግር ፔዳሉ ጋ ስለማይደርስ ማራዘሚያ ተገጥሞለታል፤ ወደ ውጭ ማየት እንድትችል ከሥሯ መደገፊያ ተደርጎላታል። እንግዲህ በአሜሪካ ሕግ ብቻውን ለመብረር 16 ዓመት፣ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ 17 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ አብራሪው አብሯቸው የተቀመጠው አስተማሪዋ ጆ ሪድ ነው። የ52 ዓመት ሰው።

ጋዜጠኛው ሁሉ አበደ። ቃለ መጠይቅ በየማረፊያው ነው። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ጣቢያ የበረራውን ውስጥ እንዲቀርጹለት ካሜራ ሰጥቷቸው ነበር። ልጅቷም ከመነሳቷ በፊት በነበረው ሌሊት በቅጡ አልተኛችም ይባላል። ማን ይተኛል? የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሲሉ እንኳ እናንተ ስትተኙ አላየሁም።

በመጀመሪያው ቀን ከካሊፎርኒያ ተነስተው ኔቫዳን አልፈው ዋዮሚንግ፣ ሻያን የምትባል ከተማ ደረሱ። ረጅም ቀን ነው፤ መነሳት፣ ማረፍ፣ ነዳጅ መሙላት፣ ፈገግ ማለት፣ መልስ መስጠት፣ እንደገና መነሳት። በመንገድ ላይ ልጅቷ አሸልባለች። ሻያን ሲደርሱ ከንቲባው ሳይቀር ተቀበላቸው። ከዚያ ሆቴል፣ ከዚያ ጠዋት ተነስቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሻያን ላይ ደመና፣ ዝናብና ነፋስ ነበር፤ ነጎድጓድ እየመጣ ነው። ከእነሱ ትንሽ ቀድሞ የተነሳ ትልቅ አውሮፕላን አብራሪ ነፋሱ እንደሚለዋወጥና እንደሚያናውጥ ለማማው ተናግሯል፤ መልእክቱም ለእነ ጆ ሪድ ተላልፏል። ሆኖም ማዕበሉን ቀድመን እንውጣ አሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ24 ላይ ተነሱ። አውሮፕላኗ ከተፈቀደላት ክብደት በላይ ጭናለች። ከመሬት ለቀቀች፣ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረች፣ ከፍ አላለችም፣ ፍጥነቷ ወረደ፣ ከዚያ በአፍንጫዋ ቁልቁል መጣች። ከማረፊያው ብዙም ሳይርቅ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ወደቀች። ሦስቱም ሞቱ፤ ልጅቷ፣ አባቷ፣ አስተማሪዋ። ምርመራው በዚያ ሰዓት መሪውን የያዘው አስተማሪው እንደነበር ነው የደመደመው።

እዚህ ላይ ትንሽ ፊዚክስ ታገሱኝ፤ አመሌ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳው አየር በበቂ ፍጥነት ሲያልፍበት ነው። ፍጥነት ሲያንስ አብራሪው አፍንጫዋን ቀና እያደረገ ይታገላል፤ ቀና ባደረገ ቁጥር ክንፉ አየሩን የሚገጥምበት አንግል ይጨምራል፤ ከሆነ ልክ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ላይ ይለቃል፣ ማንሳቱ ይቋረጣል። ስቶል ይሉታል። ሞተር መጥፋት አይደለም፤ ሞተሩ እየጮኸ ይወደቃል። ስትዞር፣ ጭነት ሲበዛና አየር ሲሳሳ ደግሞ ወደዚያ ልክ ቶሎ ትደርሳለህ። ሻያን ከባሕር ወለል 1,870 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ከባሕር ዳራችን ጋር ትቀራረባለች። ጆ ሪድ የኖረውና የለመደው ግን ባሕር ዳርቻ፣ ዜሮ ሜትር ላይ ነው። ያው አውሮፕላን፣ ያው መሪ፣ ግን ሞተሩ ጉልበቱ ቀንሷል፣ ክንፉም ለማንሳት ከለመደው በላይ መሮጥ አለበት።

ይሄን ሁሉ ጆ ሪድ አያውቅም ነበር? ያውቃል እንጂ! ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ይሄንኑ ነው። እኔን የገረመኝና ያስፈራኝ እዚህ ጋ ነው። የሚያውቅ ሰው፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ሌላ አብራሪ እየነገረው፣ «እንሂድ» አለ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ያወጣው ሪፖርት መንስኤውን ሲያስቀምጥ፣ አብራሪው በሚበላሽ አየር፣ ከልክ በላይ በተጫነ አውሮፕላን፣ ባልለመደው ከፍታ ለመነሳት መወሰኑ ነው ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፦ ለዚህ ውሳኔ አስተዋጽኦ ያደረገው፣ በጣም የተጣበበውን የጉዞ ፕሮግራም ለመጠበቅ የነበረው ፍላጎት ነው፤ ከፊሉም ለጋዜጠኞች በተገባ ቃል ምክንያት። ሪፖርቱ ካነሳቸው የደህንነት ጉዳዮች መካከል የመጀመሪያው ድካም ነው። መንስኤው በተጻፈበት አረፍተ ነገር ውስጥ ግን ድካም የሚል ቃል የለም።

ይሄን ልዩነት ለዓመታት ሳመላልሰው ኖሬያለሁ። ድካም የት ገባ?

የትም አልገባም፤ ምልክት ስለማይተው ነው። አንድ አብራሪ ጠጥቶ ከሆነ ደሙ ይመረመራል፣ ቁጥር ይወጣል። ሞተር ተሰብሮ ከሆነ ብረቱ ይናገራል። ድካም ግን ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ሬሳ ላይ ድካም አይገኝም። መርማሪዎቹ ማድረግ የሚችሉት ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ ብለው ሚስቱን፣ የሆቴል ዘበኛውን፣ ስልኩን መጠየቅ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው የሞተበትን አደጋ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም ይሆናል። ኮልጋን ኤር የሚባል ድርጅት በረራ ቁጥር 3407። ረዳት አብራሪዋ ከምትኖርበት ሲያትል ሌሊቱን ሙሉ በሌላ አውሮፕላን ተሳፍራ ነው አገር አቋርጣ ሥራ የገባችው። ዋና አብራሪው ደግሞ በዚያው ሌሊት ከ9 ሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ እንደነበር ታይቷል፤ የተኛው የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያም ላይ ቦርዱ ድካም ሥራቸውን ሳይጎዳው አልቀረም፣ ምን ያህል እንደጎዳው ግን መለካት አይቻልም አለ። የሟች ቤተሰቦች ግን አለቀቁም። ዋሽንግተን ተመላልሰው፣ ፎቶ ይዘው፣ ለዓመታት ጮኸው ሕግ አስለወጡ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገደኛ የሚያጓጉዝ አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እረፍት ማግኘት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 8 ሰዓቱ ያለማቋረጥ ሊተኛበት የሚችል መሆን አለበት።

የእኛውንም አንርሳ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከካርቱም የመጣው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ መውረድ ሲገባው በ37,000 ጫማ ማኮብኮቢያውን አልፎ ሄዶ፣ ማማው ቢጣራ መልስ ጠፍቶ፣ በኋላ ዞሮ በሰላም አረፈ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነው ተብሎ በዓለም ተዘገበ። እዚሁ ፌስቡክ ላይ ስንት ቀልድ ተቀለደ! እኔም ቀልጃለሁ፤ ፖስቴን በኋላ አጠፋሁት። እኔ እንኳን በዚህ ጉዳይ ለመቀለድ የመጨረሻው ሰው መሆን ነበረብኝ።

አሁን ወደ ልጁ ስመለስ፤ ያ የ10 ሰዓት እረፍት ሕግ እሱን አይመለከተውም። በግሉ ትንሽ አውሮፕላን የሚያበርን ሰው «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕግ አሜሪካ ውስጥ የለም። አስተማሪው እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ በረራ ማስተማር አይችልም፤ ተማሪው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ቢመጣ የሚያየው ሰው የለም። ከጄሲካ አደጋ በኋላ በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው ለሪከርድ ተብሎ መሪ እንዳይዝ የሚከለክል ነው። ለልጅነት ሕግ ወጣ፤ ለጥድፊያና ለድካም ምን ሕግ ይወጣል?

ያለው አንድ ነገር ራስን መጠየቅ ብቻ ነው። ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ከመብረራቸው በፊት «አይም ሴፍ» የሚሏት በፊደል የምትቆጠር መጠየቂያ አለች፦ አሞኛል ወይ፣ መድኃኒት ወስጃለሁ ወይ፣ ጭንቀት አለብኝ ወይ፣ ጠጥቻለሁ ወይ፣ ደክሞኛል ወይ፤ የመጨረሻዋን አንዳንዱ ስሜት፣ አንዳንዱ ምግብ ይላታል። «ድካም ጋ ስትደርስ ምን ትላለህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ እላለሁ» አለኝ።

አያችሁ ችግሩን? የሚመልሰው የደከመው ጭንቅላት ራሱ ነው። ሚዛኑ ራሱ ተበላሽቶ እንዴት ይመዝናል? በ1997 እ.ኤ.አ. ሁለት ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው የሚሠራው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ያደረ ደግሞ በብዙ አገር መንዳት ከሚከለከልበት ስካር ጋር ይስተካከላል። የሰከረ ሰው ቢያንስ አፉ ይሸታል። እኔ ራሴ ቀን አስተምሬ፣ ማታ ቤት ለቤት አስጠንቼ፣ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ፈተና ሳርም ጊዜ አለ። በማግስቱ ስመለከተው ባዶ ለተወ ልጅ 8 ሰጥቼ፣ በትክክል ለሠራው 3 ሰጥቼ አገኘዋለሁ። በዚያ ሰዓት ግን አንድም ጊዜ ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም። እርግጠኛ ነበርኩ። ወረቀት ስለሆነ በማግስቱ አረምኩት።

እሺ። አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ 2008 ልጆች።

የባሕር ዳሩን ጉዞ ታስታውሳላችሁ። እንዴት ትረሱታላችሁ? ማትሪክ ሳይደርስ በሚያዝያ፣ 41 ተማሪ፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ ቅጥቅጥ አይሱዙ። የጉዞው አስተባባሪ እኔ ነበርኩ፤ 26 ዓመቴ ነው፤ ፕሮግራሙን በእጄ ጽፌ፣ በማኅተም አስመትቼ፣ ለወላጅ ሁሉ በትኛለሁ። «እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ።» ያቺን ወረቀት እንዴት እንደኮራሁባት! ዓርብ ሄድን፣ ቅዳሜ ጢስ ዓባይንና ገዳማቱን አየን፣ እሁድ ንጋት ላይ ተመለስን።

ሾፌሩን ታስታውሷቸዋላችሁ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጠይም፣ ጥርሳቸው መካከል ክፍተት ያላቸው፣ ለሴቶቹ ልጆች የፊቱን ወንበር የሚያስለቅቁ። እናንተ የማታውቁት ነገር፣ ዓርብ ሌሊት እኛን ሊጭኑ ሲመጡ ከሌላ ሥራ በቀጥታ ነው የመጡት። ቅዳሜ ማታ እኛ ስንጨፍር እሳቸው ጎማ ሲያስጠግኑ አመሹ። ከዚያ መኪናው እንዳይሰረቅ ብለው እዚያው ውስጥ ወንበር ላይ አደሩ፤ የባሕር ዳር ሙቀትና ትንኝ አለ። እኔ ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። እያየሁት ነው የሆነው።

ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን። ከምግብ በኋላ ጋሼ ወደ እኔ መጡ፤ እጃቸውን ታጥበው በሱሪያቸው እየጠረጉ፣ «መምህር፣ አንዲት ሰዓት ጋደም ልበል፤ ዓይኔ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ቃል በቃል ነው የምጽፈው፤ በአስር ዓመት ውስጥ አንዲት ፊደል አልጠፋችብኝም።

እኔ ምን አልኩ? ሰዓቴን አየሁ። «ጋሼ፣ ወላጆች በር ላይ ይቆማሉኮ፤ ርዕሰ መምህሩ ምን ይለኛል? ቡና ይጠጡና ቀስ እያልን እንሂድ» አልኳቸው። ቡና አዘዝኩላቸው። ሁለት ስኒ። ሂሳቡንም እኔ ነኝ የከፈልኩት፤ በጎ ነገር ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆመው አዩኝ፤ ከዚያ «እሺ፣ ካልክ» ብለው ጠጡ።

ዓባይ በረሃን እንዴት እንደወረድነውና እንደወጣነው ታስታውሳላችሁ፤ እናንተ በመስኮት እያያችሁ ትጮሁ ነበር፣ እኔ ጸሎት ላይ ነበርኩ። ጋሼ አንድም ስህተት አልሠሩም። ያን ሁሉ ጥምዝምዝ፣ ያን ሁሉ ገደል፣ በሁለተኛ ማርሽ ጥንቅቅ አድርገው አወጡን። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ «ተገላገልን» ብዬ ትከሻቸውን መታ አደረግኳቸው። የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሜዳው ላይ፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ፣ አደጋ በሌለበት። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፤ ሰውነት በአደጋ ሰዓት ራሱን ጨምቆ ያነቃል፣ አደጋው ሲያልፍ ይለቃል። ጭንቅላታቸው ዘንበል ሲል በጎን አየሁ። መቶ ሜትር እንኳን አይሞላም። መኪናው ከአስፋልቱ ወጣ፣ ቦዩን መታ፣ በጎኑ ተኛ።

ማንም አልሞተም። አንዷ ልጃችን አንገቷ ሥር አጥንት ተሰበረ፣ አንዱ ሁለት ጥርሱን አጣ፣ የተቀረነው ተቧጠጥን። እኔ መስታወት ሰብሬ እያንዳንዳችሁን ሳወጣ አያችሁኝ።

ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ መጣ። «ምንድን ነው የሆነው?» አለኝ። «እንቅልፍ ወሰደው» አልኩ። «ወሰዳቸው» እንኳ አላልኩም። ጋሼ እግረኛ መንገዱ ዳር ግንባራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሰምተውኛል። ቀና ብለው አዩኝ። ቀጥሎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገሩም።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። ልክ እንደዚያ ሪፖርት፣ መንስኤው ያ ነው። አስተዋጽኦ ያደረገው የሚለው ሁለተኛው አረፍተ ነገር ግን ከአፌ አልወጣም። በጽሑፍ ቃል ስሰጥም አልወጣም። ርዕሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ስሜን ጠርቶ «ጀግና መምህር» ብሎ ሰርተፍኬት ሲሰጠኝ፣ እናንተ ስታጨበጭቡም አልወጣም። ያን ሰርተፍኬት እናቴ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቅላው ነበር። እስካሁን እዚያው አለ፤ በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው።

ጋሼ መንጃ ፈቃዳቸው ታገደ። ባለ መኪናውም አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ገበያ ላይ በሩቅ አየኋቸውና በሌላ መንገድ ዞርኩ።

የአውሮፕላን አደጋ ሱስ የጀመረኝ በዚያ ክረምት ነው። አሁን ሳስበው የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የእኔን ዓይነት ሰው። አብራሪውን አይደለም። ከጎኑ ተቀምጦ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «ቀስ እያልን እንሂድ» ያለውን ሰው። አገኘሁትም፤ በየሪፖርቱ አለ። አንዳንዴ አባት ነው፣ አንዳንዴ አለቃ ነው፣ አንዳንዴ ወረቀት ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው።

ለልጁ ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም ነበር። የሻያንን ታሪክ ብቻ ረጅም ድምፅ ቀርጬ ላክሁለት፤ ሌሊት ነድተህ ጠዋት አትብረር፣ ገንዘቡ ይቆይ፣ ትምህርቱ ይዘግይ አልኩት። አንድ ቀን ሙሉ አልመለሰም። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ቲቸር፣ ስለ ጋሼ ነው አይደል የምታወራው? ማርቆስ ላይ እኔ ከኋላችሁ ቧንቧው ጋ እጄን እየታጠብኩ ነበር። ሲለምኑህ ሰምቻለሁ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ፣ «ለምን ያኔ አልተናገርክም?» ብዬ ጻፍኩለት። ጥያቄ ነው ይሄ? የ16 ዓመት ልጅ ነው። «አንተ ቲቸር ነህ፣ ምን እላለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ» አለኝ።

ስለ በረራው፣ ያን ሳምንት አንዱን ክፍለ ጊዜ ሰርዞታል፤ የቀረውን እናያለን ብሎኛል። «እናያለን» የምትለዋን አልወደድኳትም፤ አሁንም እየጨቀጨቅኩት ነው። እዚያ ያላችሁ ጓደኞቹ፣ ሌሊት እየደወላችሁ አብራችሁ አታምሹት፤ ይተኛበት።

ጋሼን በተመለከተ፣ ባለፈው ሳምንት ቤታቸው የነበረበት ሰፈር ሄጄ ጠየቅኩ። ቤቱ ለሌላ ተከራይቷል። ጎረቤቶቻቸው ልጃቸው ጋ ሄደዋል አሉኝ፤ አንዷ ደብረ ብርሃን አለች፣ ሌላው አዳማ አለ። የሰጡኝ ስልክ አይሠራም። የድሮው ባለ መኪና ሱቅም ተዘግቷል።

በዚያ መኪና ውስጥ የነበራችሁ ልጆቼ፣ ይሄን የምታነቡ ወላጆችም፤ የተጻፈው ቃል ጎዶሎ ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ መካከል ጋሼ ያሉበትን ወይም የልጆቻቸውን ስልክ የሚያውቅ ካለ፣ ኮሜንት ላይ ሳይሆን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቀን መንቀሳቀስ እችላለሁ።